ካልሲ ያጠለቀች ዶሮ

ጡረታ ስወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዤ የወጣሁት ነገር አንድ ካልሲ ነው። አንድ ስል አንድ እግር ማለቴ ነው። ግራጫ የወንድ ካልሲ፣ ጣቱ በመቀስ የተቆረጠ። ጋውኔን አስረከብኩ፣ ቁልፎቼን አስረከብኩ። ንብረት ክፍል ያለችው ልጅ መዝገቧ ላይ አንድ በአንድ ምልክት እያደረገች ስትጨርስ እጄ ላይ የቀረውን አየችና፣

«ይሄስ አባባ?» አለችኝ።

«ይሄ የመንግሥት አይደለም። የሰው ነው» አልኳት።

ሳቀች። የሽማግሌ ቀልድ መስሏታል። እኔም አላስረዳኋትም፤ ነገሩ ቆሞ የሚነገር አልነበረም። አሁን ግን ተቀምጫለሁ። ቀኑ ረጅም ነው፣ ጥላውም ከእኔ ጋር ቀስ እያለ ይዞራል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ቢንገዳገድ ይቅር በሉኝ።

ሰው ሲያረጅ ሕልሙ ወደ አንድ ቦታ ይመላለሳል ይባላል። የእኔ የሚመላለሰው ወደ ከብት ሐኪም ቤቱ ግቢ ነው። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት፣ ከአፌም ዛሬ ድረስ የሚወጣው እሱ ነው። በሕልሜ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ንፋሱ እንደ ዱቄት የላመውን አቧራ ከመንገዱ ያነሳና ግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ያሳርፈዋል። ከወንጂ በኩል የሸንኮራ ሽታ ይመጣል። ባቡሩ ከሩቅ ሲጮኽ በሩ ላይ የቆሙት የጋሪ ፈረሶች ጆሮአቸውን ብቻ ያነሱና መልሰው ያንቀላፋሉ። ከትልቁ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ደግሞ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። ፊቱን አያዞርም። እኔም አልጠራውም፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በዘበኝነትና በጽዳት ነው። ደመወዙን እንተወው፤ እሱም እኔን ቶሎ ይተወኝ ነበር። ኃላፊያችን ገና ከትምህርት የወጡ ወጣት ዶክተር ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ስብሰባው ግን አላስቀምጥ አላቸው። ጠዋት የውይይት ክበብ፣ ከሰዓት የማኅበር ጉዳይ፣ ቅዳሜ ዘመቻ። ከብቱ በር ላይ ቆሞ ሲያመሰኳ እሳቸው አዳራሽ ውስጥ ያጨበጭባሉ። እንዲህ ሆኖ የሐኪም ቤቱ ሥራ በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ያ ሰው ጋሽ ቱሉ ነበሩ።

ጋሽ ቱሉ የእንስሳት ጤና ረዳት ናቸው፤ የሉሜ ሰው፣ ከሞጆ ወዲያ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚያልቅ። ከራሳቸው ላይ የማትወርድ አሮጌ ባርኔጣ ነበረቻቸው። እኔን መጀመሪያ ያስጠጉኝ እንስሳ እንድይዝላቸው ነው። መጥረጊያዬን ጥዬ የላም ቀንድ ያዝኩ፤ ከዚያ የፈረስ አፍንጫ፣ ከዚያ የበግ እግር። ሁለት ዓመት ስይዝ ኖርኩ። የሚይዝ ሰው ደግሞ ሁሉን ያያል።

እሳቸው ታማሚው እንደ መጣ አይነኩም። አጠገቡ ሄደው ቁጢጥ ይላሉ፣ ዝም ብለው። ባለቤቱ ይቁነጠነጣል፣ እኔ እቁነጠነጣለሁ፣ እሳቸው ግን እንደ ተቀመጡ ናቸው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

«ሽፌ፣ እንግዳ ሰው ቤት እንደ ገባ ዕቃ ያነሳል?» አሉኝ።

«አያነሳም።»

«እኔም እንግዳ ነኝ።»

ከዚያ ሰዓታቸውን አውልቀው ግራ ኪሳቸው ይከታሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ለማየት ብቻ ቢሆንም ይታጠባሉ፤ ከጨረሱም በኋላ እንደገና። ቁስል ከሆነ መጀመሪያ ያሸታሉ። ዶሮ ከሆነች ደግሞ ያቺን ካልሲ ያወጣሉ። ጣቱ በተቆረጠው በኩል መንቆሯ ብቻ እንዲወጣ አድርገው ጭንቅላቷ ላይ ያጠልቁላታል። ዶሮ ዓይኗ ከጨለመ መሸ ብላ ታምናለች፤ መንፈራገጧን ትታ ጭብጥ ትላለች። ያን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይለሰልስ ነበር። እኛም ሰዎች እንዲህ የሚያደርግልን ቢኖር እል ነበር።

ዶሮ በእርግጥ ሥራችን አልነበረችም። የወሩ ሪፖርት ቅጽ ላይ የዳልጋ ከብት አለ፣ በግና ፍየል አለ፣ የጋማ ከብት አለ። ዶሮ የሚል መስመር የለም። ጋሽ ቱሉ ግን ዶሮ ይዞ የመጣን ሰው መልሰው አያውቁም፤ ከታች «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ይጽፏታል።

አንድ ሌላም ልማድ ነበራቸው። መቂ ላይ፣ ለክትባት ወጥተን፣ ይነሳል ያሉት በሬ ሳይነሳ ቀረ። ባለቤቱ ገና ምንም ሳይል እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ማሳው መሀል ቆሙና፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉት። ገበሬው ውሃ ሰጣቸው። ስንመለስ መኪናው ላይ፣ «ባርኔጣ ለለቅሶ ብቻ አይደለም የሚወልቅ» አሉኝ። ያን ጊዜ ባርኔጣ አልነበረኝም፤ ነገሩም እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

እንግዲህ ወደ ዶሮዋ ልምጣ።

ብሔራዊ ውትድርና ልጆቹን ከየቤቱ እየወሰደ የነበረበት ዘመን ነው። ጋሽ ቱሉ ከብቱን የሚጨርሰውን የደስታ በሽታ ለመከተብ ወደ ደራ ሊሄዱ ሆነ፣ ለአምስት ቀን። ሲሄዱ አዘዙኝ። «ቁስል ከመጣ እጠብ፣ ቀባ፣ ሸፍን። ከዚያ አትለፍ። ሱታ፣ ሽፌ።» ሱታ ማለት በእሳቸው ቋንቋ ቀስ በል ነው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡ። ባቡር ጣቢያው ጀርባ ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዘንቢል ይዘዋል፣ ዘንቢሉ ውስጥ ገብስማ ዶሮ አለች። ገብስማ የምንላት ጥቁርና ነጭ እንደ ተደባለቀ ገብስ የተረጨባትን ነው።

«ሐኪሙ የሉም?»

«ደራ ሄደዋል እትዬ።»

ወደ መሬት አዩ፣ ዘንቢሉን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«አንተስ?» አሉኝ።

ያቺ «አንተስ» ናት ያጠፋችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ግቢ ስኖር «አንተስ» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ልያት» አልኩ።

ሌሊቱን ሸለምጥማጥ ገብቶባት ነው። ከክንፏ ሥር እስከ ጀርባዋ ቆዳው እንደ ኪስ ተገልብጦ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ግን ደም የለም። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ድፍን ያለ ነው።

«ደሙ አልቆም ሲል የተወቀጠ ቡና ሞጀርኩበት» አሉ እትዬ አስካለ። «በሰው ላይ ይሠራ የለ።»

«ይሠራል» አልኳቸው። እውነትም ማን ቤት ነው እጅ ሲቆረጥ ቡና የማይደረግበት?

«ይህቺን ዶሮ ከጫጩትነቷ ያሳደጋት ታምራት ነው፣ ልጄ። የወሰዱት ቀን መኪናው ላይ ሆኖ ምን አለኝ መሰለህ፤ 'እማዬ፣ ገብስማዋ የምትታረደው እኔ ስመጣ ነው።' በዓል በመጣ ቁጥር ሌላ ገዛለሁ እንጂ እሷን አልነካም። ደብዳቤውም እንደ ድሮው አይመጣም። እሷ ካለች እሱ አለ ብዬ ነው የምተኛው።»

ይህን ሲሉኝ «ጋሽ ቱሉ ሰኞ ይመጣሉ» ብዬ ባጥብ፣ ብቀባ፣ ብሸፍን ኖሮ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ሳጥኑን ከፈትኩ። ቆልማማዋን መርፌና የሐር ክሩን አወጣሁ። ካልሲውን አጠለቅሁላት፣ ጭብጥ አለች። የቁስሉን ዳርና ዳር አጠብኩ። መሀሉ ላይ ያለውን የቡና ቅርፊት ጫፉን ነካ ባደርገው ደም ብቅ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ደሙን ፈራሁ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው እያዩ ደሙ እንዲመለስ አልፈለግሁም። ቅርፊቱ ንጹሕ ይመስላል፣ ደርቋል፣ አይሸትም ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ቆዳውን ከላይ ጎትቼ ገጠምኩት። ሰባት ስፌት። አንዱ ከአንዱ እኩል።

«እጅህ የጥልፍ ሠሪ እጅ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ከእግሬ ሥር ራሱ የሚሄድ ይመስል ነበር። የጋሪዎቹ ቃጭል፣ የባቡሩ ጭስ፣ ሁሉም ለእኔ የተደረገ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ሲመጣ መፍራት እንዳለብኝ ገና አልተማርኩም።

ሰኞ ጋሽ ቱሉ ከነአቧራቸው ከመኪናው ወረዱ። ፊታቸውን ሳይታጠቡ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ደረሱ፣ ዘንቢሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው። ዘንቢሉ ገና ሳይከፈት ጋሽ ቱሉ ቆም አሉ። አሸተቱ። ከዚያ ከዛፉ ሥር ቁጢጥ አሉና በእጃቸው «ወዲህ» አሉ።

ገብስማዋ አንገቷን ጥላለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አመድ መስሏል። ሰባቱ ስፌቶቼ እንደ ተሰለፉ ናቸው፤ ከሥራቸው ግን ቆዳው አብጦ ተወጥሯል።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

ብዙ ጊዜ አዩት። «ስፌቱ ቆንጆ ነው» አሉ በመጨረሻ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሰማሁት ስድብ እንደዚያ የወጋኝ የለም። ቀና ብለው፣ «በል ንገራቸው» አሉኝ።

ወደ እትዬ አስካለ ዞሬ፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። «ቡናውን ሳላወጣ ዘጋሁበት። ከውስጥ መግሏል።»

«ትሞታለች?»

ጋሽ ቱሉን አየሁ። «ዛሬ አላውቅም» አሉ እሳቸው።

እትዬ አስካለ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «የማታውቀውን ለምን ነካህ?» አሉኝ፣ በቀስታ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ታምራቴንም እንዲህ የማያውቅ ሰው ይዞት ይሆናል» አሉ።

ጋሽ ቱሉ መቀሱን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ነበርኩ መፍታት ያለብኝ። እንደገና እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ካልሲውን አጠለቅሁ፣ ስፌቶቹን አንድ በአንድ ቆረጥኩ። የወጣውን አልገልጽላችሁም። ጋሽ ቱሉ ውሃ አፈሉ፣ ጨው ጨመሩበት፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ጠብ እያደረጉ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ መርፌው በወለቀ የመስታወት ሲሪንጅ ውሃውን ወደ ውስጥ እንድለቅ አደረጉኝ። ጥቁር ይወጣል፤ እንደገና እለቃለሁ፤ እንደገና ጥቁር ይወጣል። ሥጋው ላይ የተጣበቀውን የቡና ቅንጣት በወረንጦ እየለቀምኩ አወጣሁ።

«ቁስል ጉድጓድ ነው» ይሉኛል ከአጠገቤ። «ጉድጓድ የሚሞላው ከታች ነው። አንተ ክዳን አደረግህለት። ክዳን ጉድጓድ አይሞላም፣ ሽፌ። ሱታ።»

አብዛኛው ወጣ። ከታች፣ ከጎድኗ አጠገብ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የመሰለች ነገር ቀርታለች። ወረንጦውን ሳስጠጋ ደም ብቅ አለ፣ ገብስማዋም በካልሲው ውስጥ ሆና ተንቀጠቀጠች። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ቆመዋል። እጄን መለስኩ።

«ቡናው ወጣ?» አሉ ጋሽ ቱሉ።

«ወጣ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። «በቃት፤ ደክማለች» አሉና ተነሱ።

ቁስሉን ከፍተን ተውነው። ወይን ጠጁን መድኃኒት ቀባናት፤ ይህ ለመድኃኒትነቱ ብቻ አይደለም። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች ትነቁራለች፣ የራሷንም የጓደኛዋንም። ወይን ጠጁ ቀዩን ይደብቀዋል። ወደ ቤት ብትሄድ ከሌሎቹ ጋር ስለምትደባለቅ እኛው ዘንድ ቀረች። ከዛፉ ሥር በትልቅ ቅርጫት አስቀመጥኳት፣ ለዝንቡ በስስ ጨርቅ ሸፈንኳት። ጠዋትና ማታ ማጠብ፣ መቀባት፣ የራሰ ዳቦ በጣቴ ማጉረስ፣ ውሃ በማንኪያ። ለራሴ ያን ያህል ተጠንቅቄ አላውቅም።

ዳቦውን የሚያመጡት እትዬ አስካለ ነበሩ። ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ ይመጡና ቅርጫቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። የሚያወሩት ከዶሮዋ ጋር ነው። «ዛሬ ደብዳቤ የለም» ይሏታል። «ነገ እንግዲህ።» እኔ ግቢውን እየጠረግሁ እሰማለሁ። ንፋሱ የቁንዶ በርበሬውን ቅጠል ያወዛውዘዋል፣ አቧራው ወርቅ ይመስላል፣ ዶሮዋ ዓይኗን ትከድናለች። ልቤ ግን ያቺ ጥቁር ነጥብ ላይ ነው። ማታ ስተኛ በዓይኔ ትመጣለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ የለም። በሁለተኛው አንድ ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ ከቁስሉ ሥር እንደ ሮማን ፍሬ የሚያበራ ቀይ ሥጋ ብቅ ብሏል። ጋሽ ቱሉን ጠራኋቸው። ቁጢጥ አሉ።

«ከታች እየመጣ ነው» አሉ። ያን ቀን ሥራ ላይ ሲያፏጩ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጉድጓዱ ሞላ። አንድ ከሰዓት የውይይት ክበቡ ከአዳራሹ ሙቀት ሸሽቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ዶክተሩም ቆመው ረጅም ጽሑፍ ሲያነቡ፣ ገብስማዋ ቅርጫቷን ገልብጣ ወጣች። ከነወይን ጠጇ፣ እየተንጎራደደች፣ በሰው መሀል አልፋ የዶክተሩን የጫማ ማሰሪያ ትጎትት ጀመር። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ያኔ ሳቅም ይመዘን ነበር።

«ይህ ምንድን ነው ጓዶች?» አሉ ዶክተሩ።

ጋሽ ቱሉ ከኋላ፣ ባርኔጣቸውን ሳያነሱ፣ «ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ ትያዝ» አሉ።

ዶክተሩ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ከዚያ አልቻሉም። እሳቸው ሲስቁ ሰው ሁሉ ሳቀ። በረንዳው ላይ ዳቦ ይዘው የቆሙት እትዬ አስካለም ሳቁ። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ያየ ሰው እንደሌለ ኋላ ጎረቤታቸው ነገረችኝ።

ገብስማዋ ድና ወደ ቤቷ ስትሄድ ዘንቢሉን እስከ ባቡር ጣቢያው ጀርባ የተሸከምኩላቸው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ሲቀበሉኝ፣ «ዳቦ ትኩስ ነው፣ ግባ» አሉኝ። ምሕረት ነው ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ጋሽ ቱሉ ዶክተሩን አስፈቅደው ወደ ረዳትነት አሳደጉኝ። መቂ ሠራሁ፤ የሐይቁ ንፋስ የሚነፍስበት ሰፈር፣ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው የሚጠጡበት። ሞጆ ሠራሁ፤ እዚያ የቆዳ ቁጥጥር ነበር፣ ቢላ የነካውንና ያልነካውን በጣት እየዳሰሱ መለየት። የጋሪ ፈረስ የአንገት ቁስል ስንቱን አከምኩ። ሁሉንም ከታች ነው የሞላሁት። ናዝሬት በተመለስኩ ቁጥር ግን በባቡር ጣቢያው ጀርባ ሳላልፍ አልቀርም። በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ገብስማዋን እፈልጋታለሁ። ትጭራለች፣ ትጥላለች፣ ትፈለፍላለች። ያቺ ነጥብ አንድ ቀን ተነስታ ትገድላት ይሆን እያልኩ አያትና እሄዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ናዝሬት ተመልሼ ስሠራ ነው። የፋሲካ ዋዜማ፣ ጠዋት፣ እትዬ አስካለ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ባዶ እጃቸውን ናቸው።

«መጣ» አሉኝ።

ታምራት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

«ክንዱን ነው የተመታው። ቀኝ እጁ አይነሳም። ሌላው ሁሉ ግን ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል።» ከዚያ ቀረብ አሉኝ። «ገብስማዋን ባርክልኝ።»

በእኛ ዘንድ ዶሮን ሴት አታርድም። በቤቷ ወንድ የሌለ ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮና ቢላዋ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ያለፈ ወንድ ሁሉ «ባርክልኝ» ሲባል እምቢ አይልም። እኔ ግን ወደ ኋላ አልኩ።

«ሰፈሩ ወንድ ሞልቶበት የለ እትዬ?»

«ሞልቷል። እሷን የሚያውቃት ግን አንተ ነህ። ለማያውቃት አልሰጣትም።»

ወደ ውስጥ ገብቼ ለጋሽ ቱሉ ነገርኳቸው። ጡረታቸው ደርሶ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ከመሳቢያው ካልሲውን አወጡ። «ይህን ያዝ» አሉኝ። «ሳትፈራ ትሂድ።»

እትዬ አስካለ ግቢ ስደርስ መጀመሪያ ሳሙና ጠየቅሁ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ታምራት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ጎልማሳ ሆኗል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተረሳ ዕቃ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ልታክማት ነው ወይስ ልታርዳት?» አለኝ።

«መታጠቡ ያው ነው።»

ገብስማዋ አጠገብ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። አርጅታለች፤ ላባዋ ሳስቷል። አልነካኋትም፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ታምራት መጣና ምንም ሳይጠይቅ ከጎኔ ቁጢጥ አለ። ቆየን።

«እዚያ ሰው ሁሉ ስለ እናቱ ያወራል» አለ። «እኔ ስለ ዶሮ ሳወራ ይስቁብኝ ነበር። አንዱ ጓደኛዬማ ሌሊት ጥበቃ ላይ፣ 'ዶሮህ ዛሬ ደህና አደረች?' ይለኛል። 'ደህና ናት' እለዋለሁ። ከየት አውቄ?»

«ደህና ነበረች» አልኩት።

ካልሲውን አጠለቅሁላት። መሸ አለች፣ ጭብጥ አለች። ታምራት በግራ እጁ ያዛት። ወደ ምሥራቅ ዞሬ በስመ አብ ብዬ ባረክሁ። ከዚያ በኋላ ተመልሼ እንደገና ታጠብኩ።

ልሄድ ስል እትዬ አስካለ ከማድቤት ጠሩኝ። ቆዳዋን እየገፈፉ ነበር። ሌላው ቦታ በቀላሉ የሚላቀቀው ቆዳ ከክንፏ ሥር፣ በጠባሳው ላይ፣ ሥጋውን ይዞ አልለቅ ብሏቸው ነው። በቢላዋ ቀስ አድርገው አላቀቁት። ሥጋው ንጹሕ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ጉድጓድ የለበትም። ከጎድኗ አጠገብ ግን የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች። ሥጋው ዙሪያዋን ከቧት፣ አቅፏት፣ ስንት ዓመት ይዟት ኖሯል።

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት።

«ይህቺ ያንተ ናት የኔ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የሁለታችንም ትመስለኛለች።»

በቢላዋው ጫፍ ሊያወጧት ነበር። ከዚያ ተዉአት። ብልቷን ከነነጥቧ ሽንኩርቱ ውስጥ ጨመሯት።

በማግስቱ ጾሙ ሲገደፍ ካልመጣህ ብለው ላኩብኝ። ፈረሰኛዋ ለታምራት ወጣች፤ በግራ እጁ ይበላል፣ እናቱ ያያሉ። ያቺን ብልት እትዬ አስካለ ለሁለት ቆርጠው ግማሿን አጎረሱኝ፣ ግማሿን ራሳቸው ጎረሱ። የአሮጌ ዶሮ ሥጋ ነው፤ አኘክን፣ አኘክን።

«ጠንካራ ነበረች» አሉ።

«በጣም» አልኳቸው።

በዓሉ እንዳለፈ ካልሲውን አጥቤ አደረቅሁና ጋሽ ቱሉ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣ አሁንም አልነበረኝም፤ ካልሲውን በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ያኔ 'ቡናው ወጣ?' ብለው ሲጠይቁኝ 'ወጣ' አልኩዎት። አልወጣም ነበር። አንዲት ቀርታ ነበር። ደሙን ፈርቼ ነው።»

ወደ መንገዱ እያዩ ቆዩ። አንድ ጋሪ አለፈ፣ አቧራው ተነሳ፣ ተመልሶ አረፈ።

«አይቻት ነበር» አሉ። «ዶሮዋ ደክማ ነበር፤ ያን ቀን ብንጨምር ትሞትብን ነበር። ነጥቧን መተው ልክ ነበር። 'ወጣ' ማለትህ ነው ልክ ያልነበረ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ከላይ ብዘጋው ምን ዋጋ አለው? ከታች እስኪመጣ ጠበቅሁ።» ፈገግ አሉ። «አቤት ስትቆይ።»

ካልሲውን ዘረጋሁላቸው። በጣታቸው ወደ እኔ መልሰው ገፉት።

«አሁን ያንተ ነው» አሉኝ።